የባስ ዓሣ ማጥመጃ መሣሪያዎች አመራረጥ

የባስ ዓሣ ማጥመጃ መሣሪያዎች በዋናነት አራት ናቸው፤ እነርሱም ዘንግ፣ ሪል (ክር የሚጠመጠምበት መዘውር)፣ ክር እና ማባበያ ናቸው። ባስ በተፈጥሮ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ሲሆን፣ በዩናይትድ ስቴትስ ለመዝናኛ ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት ዓሦች አንዱ ነው። ለዚህ ዓሣ ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች ብዙ ናቸው፤ ዋጋቸውም በጣም ይለያያል። አንድ ዘንግ ብቻ ከ20 ዶላር እስከ 500 ዶላርና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ብቻውን ውጤቱን አይወስንም፤ ዋናው ነገር አራቱ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው መመጣጠናቸው ነው። ገንዘብ ውስን ሲሆን ከዘንጉ ዋጋ መቆጠብ ይቻላል። ክሩ፣ መንጠቆውና የሪሉ ፍሬን ደካማ ከሆኑ ግን የተያዘው ዓሣ ያመልጣል።

ዓሣው

«ባስ» የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ዓሦች ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው በዋናነት ስለ ባለ ትልቅ አፍ ባስ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ለረጅም ጊዜ ሚክሮፕቴረስ ሳልሞይደስ ሲባል ቆይቷል። የቅርብ ዘመዱ ባለ ትንሽ አፍ ባስ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለና ድንጋያማ ውኃ ይወዳል።

ባለ ትልቅ አፍ ባስ አድፍጦ የሚያድን ዓሣ ነው። በውኃ አረም፣ በወደቀ ግንድ ወይም በጀልባ ማቆሚያ ሥር ተሸሽጎ ይቆይና ትንሽ ዓሣ፣ እንቁራሪት ወይም የወንዝ ክራብ መሳይ እንስሳ ሲያልፍ አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውኃው ይስበዋል። ከዚህ ጠባዩ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ማባበያው አረም ሳይዘው ወደ መሸሸጊያው መግባት መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ ዓሣው እንደተያዘ ወደ አረሙ ተመልሶ ስለሚሮጥ፣ ክሩ የሚፈተነው በዓሣው ክብደት ብቻ ሳይሆን ከግንድና ከድንጋይ ጋር በሚያደርገው ፍትጊያም ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ባስ ከግማሽ ኪሎ እስከ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ባስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1932 በጆርጂያ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ሐይቅ የያዘው ጆርጅ ፔሪ የተባለ ወጣት ገበሬ ነበር። ዓሣው 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም 10 ኪሎ ገደማ መዘነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ ከዚህ በጥቂቱ የሚበልጥ ባስ ቢይዝም፣ ልዩነቱ ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል ስላልነበረ ሁለቱ ክብረ ወሰኑን ይጋራሉ። ፔሪ ዓሣውን በያዘበት ዘመን የካርቦን ዘንግም ሆነ የናይለን ክር ገና አልነበረም።

ዘንግ

ዘንግ ሲመረጥ የሚታዩት ርዝመቱ፣ ጥንካሬው፣ አጎባበጡና የተሠራበት ነገር ናቸው። ለአንድ ሰው አንድ ዘንግ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ከ1.98 እስከ 2.13 ሜትር (ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ) የሚረዝም ዘንግ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ከዚህ የረዘመው ማባበያውን ራቅ አድርጎ ይወረውራል፤ ያጠረው ደግሞ ዛፍ በበዛበት የወንዝ ዳር ይመቻል።

ጥንካሬ ማለት ዘንጉን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። አምራቾች ይህንን ላይት፣ ሚዲየም፣ ሄቪ በሚሉ ቃላት ከእጀታው በላይ ይጽፉታል። ለለስላሳ ማባበያ የሚስማማው ሚዲየም ወይም ሚዲየም ሄቪ ነው። አጎባበጥ ደግሞ ዘንጉ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ፋስት የተባለው ከጫፉ አካባቢ ብቻ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ዓሣው ማባበያውን ሲነካ እጅ ቶሎ ይሰማዋል፣ መንጠቆውም ቶሎ ይሰካል። ከእነዚህ ቃላት አጠገብ ዘንጉ የሚሸከመው የማባበያ ክብደትና የክር ጥንካሬ በቁጥር ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ከዘንጉ ዋጋ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ ከ7 እስከ 18 ግራም ለሚመዝን ማባበያ የተሠራ ዘንግ 3 ግራም ብቻ የሚመዝነውን አርቆ መወርወር አይችልም፤ ዘንጉ ውድ ቢሆንም ይህ አይለወጥም።

ዘንጎች የሚሠሩት ከፋይበር ግላስ፣ ከካርቦን ፋይበር (በገበያ ስሙ ግራፋይት) ወይም ከሁለቱ ቅልቅል ነው። ካርቦን ቀላልና ንክኪን በደንብ የሚያስተላልፍ ቢሆንም ሲመታ ወይም በመኪና በር ሲጨፈለቅ ይሰበራል። ፋይበር ግላስ ይከብዳል፣ ንክኪውንም ያደበዝዛል፤ ግን በቀላሉ አይሰበርም። የቅልቅሉ ዘንግ በመካከላቸው ያለ ነው። ሼክስፒር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው አግሊ ስቲክ የሚባለው ዘንግ የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ እስካሁን በሰፊው ይሸጣል።

ርካሽ ዘንግ ሲገዛ በቅድሚያ የሚመረመሩት ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹ ከዘንጉ ጋር በአንድ መስመር መሰለፍ አለባቸው። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ጥጥ ሲታሽ ክሮቹ ተጎትተው ከቀሩ ቀለበቱ ስንጥቅ አለው ማለት ነው፤ ይህ ስንጥቅ ክሩን በእያንዳንዱ ውርወራ ይፍቀዋል።

ሪል

ለባስ የሚያገለግሉ ሪሎች ሦስት ዓይነት ናቸው።

ክዳን ያለው ሪል (ስፒንካስት) በአንድ ቁልፍ የሚሠራና ለመልመድ በጣም ቀላል ነው። የፈጠረው አር. ዲ. ሃል የተባለ የቴክሳስ ሰዓት ሠሪ ሲሆን፣ ሐሳቡ የመጣለት በሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ዕቃ ለማሰር ሲባጎ ከጥቅሉ ጫፍ ሲስብ አይቶ እንደሆነ ይነገራል። ሲባጎው ሲሳብ ጥቅሉ ራሱ አይዞርም ነበር። ሃል ሥራውን የወሰደው በኦክላሆማ ግዛት ቱልሳ ከተማ ለነዳጅ ጉድጓድ ፈንጂ ይሠራ ለነበረው ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ሪሉ ለገበያ ቀረበ። ዜብኮ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ኩባንያ ስም ነው። ይህ ሪል ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ክሩም ከክዳኑ በታች ስለሆነ መበላሸቱ ቶሎ አይታይም።

ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ሪል (ስፒኒንግ) ለጀማሪ በብዛት የሚመከረው ነው። ቀላል ማባበያ ይወረውራል፣ ክሩም እምብዛም አይወሳሰብም። ለባስ የሚስማማው መጠን በብዙ አምራቾች ዘንድ 2500 ወይም 3000 ተብሎ ይጻፋል።

ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ሪል (ቤይትካስት) ከ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኬንታኪ ሰዓት ሠሪዎች ሥራ የመጣ ነው። ወፍራም ክርና ከባድ ማባበያ በደንብ ይይዛል። በውርወራ ጊዜ ግን ክሩ የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ ራሱ ስለሚዞር፣ ማባበያው ፍጥነቱ ቀንሶ ማጠንጠኛው መዞሩን ከቀጠለ ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል። ይህን ለመቆጣጠር ልምድ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት ሪል በጣም ርካሽ ሲሆን የመቆጣጠሪያ ፍሬኑም ደካማ ስለሚሆን ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ባለ አነስተኛ ገንዘብ ገዥ በተመሳሳይ ዋጋ ከዚህ ይልቅ የተሻለ ስፒኒንግ ሪል ያገኛል።

በሪል ማሸጊያ ላይ የኩሽኔት ብዛት በትልቁ ይጻፋል። ብዛቱ ግን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ አራት ጥሩ ኩሽኔቶች ያሉት ሪል አሥር ተራ ኩሽኔቶች ካሉት በተሻለ ሊሠራና ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከዚህ ይልቅ መታየት ያለበት ድራግ የሚባለው ፍሬን ነው። ድራግ ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው። በሱቅ ውስጥ ለመፈተን ድራጉ መጠነኛ ያህል ይጠብቅና ክሩ ወይም ማጠንጠኛው በእጅ ይሳባል። አወጣጡ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል ከሆነ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ተይዞ ቆይቶ በድንገት የሚለቅ ከሆነ ግን በዚያች ቅጽበት ክሩ ሊበጠስ ይችላል። በሥራ ላይ ድራጉ ከክሩ ጥንካሬ ሩብ እስከ ሲሶ በሚሆን ኃይል እንዲለቅ ይደረጋል። 10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ) ለሚችል ክር ይህ ከ1.1 እስከ 1.5 ኪሎ ገደማ ሲሆን በትንሽ የሚንጠለጠል ሚዛን ይለካል።

ክር

ክር ከአራቱ መሣሪያዎች ሁሉ በጣም ርካሹ ነው፤ አጥማጁን ከዓሣው ጋር የሚያገናኘው ግን እርሱ ብቻ ነው። በስፋት የሚሸጠው ሦስት ዓይነት ነው።

ናይለን (ሞኖፊላመንት) ዋጋው ዝቅተኛ፣ ለመቋጠርም ቀላል ነው። ሲሳብ ስለሚለጠጥ ድንገተኛ ጉተታን ያለዝባል፤ ይህም ደካማ ፍሬን ላለው ርካሽ ሪል ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ውኃ ይመጥጣል፣ በፀሐይ ብርሃንም እየደከመ ይሄዳል። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ናይለንን እ.ኤ.አ. በ1938 ካስተዋወቀ በኋላ ይህ ክር ቀስ በቀስ የሐር ክርን ተክቷል።

ፍሎሮካርቦን ከናይለን ይከብዳል፣ ስለዚህ ይሰምጣል። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን (1.42) ከናይለን ይልቅ ለውኃ (1.33) ስለሚቀርብ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ ፍትጊያንም ይቋቋማል። ዋጋው ግን ከናይለን ከፍ ይላል፣ በስፒኒንግ ሪል ላይም ደረቅ ስለሆነ እየተጠቀለለ ያስቸግራል።

የተገመደ ክር (ብሬይድ) ከፖሊኤትሊን ጭረቶች ይሠራል። በውፍረቱ ልክ ሲታይ ከሦስቱ በጣም ጠንካራ ነው፤ ስለማይለጠጥ ቀላል ንክኪን ያስተላልፋል፣ አረምም ይቆርጣል። ለመግዛት ውድ ቢሆንም ለዓመታት ያገለግላል። ጠርቶ በሚታይ ውኃ ውስጥ ዓሣው ሊያየው ስለሚችል ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ሜትር ፍሎሮካርቦን ይቀጠልበታል።

ለጀማሪ ከ8 እስከ 10 ፓውንድ (ከ3.6 እስከ 4.5 ኪሎ) የሚችል ናይለን በቂ ነው። የተገመደ ክር የሚመርጥ ሰው ወጪ ለመቀነስ የማጠንጠኛውን ግማሽ በርካሽ ናይለን ሞልቶ የተገመደውን ከላይ ይጠመጥማል። አንድ ውርወራ ከ40 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ከሥር ያለው ክር ውኃ አይነካም። ናይለኑ ከሥር መኖሩ የተገመደው ክር በማጠንጠኛው ላይ እንዳይንሸራተትም ይከላከላል።

ክር ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በቋጠሮው ላይ ነው። ፓሎማር የሚባለው ቋጠሮ ለናይለንም ለተገመደ ክርም ያገለግላል። ክሩ ታጥፎ በመንጠቆው ዓይን ውስጥ ያልፋል፤ በታጠፈው ክር ልል ቋጠሮ ይቋጠራል፤ ከዚያ መንጠቆው በተረፈው ቀለበት ውስጥ አልፎ ክሩ ይሳባል። ከመጥበቁ በፊት በውኃ ይረጥባል፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይደክማል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የክሩ ጫፍ በጣት ይዳሰሳል፤ ሻካራ ሆኖ ከተገኘ ያ ክፍል ተቆርጦ ቋጠሮው እንደገና ይሠራል። ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ለስላሳ ማባበያ

ለስላሳ ማባበያ ከፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክና ከማለስለሻ ዘይት ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ የሚፈስስ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የመጀመሪያውን የተሳካ የፕላስቲክ ትል የሠራው ኒክ ክሪም የተባለ በኦሃዮ ግዛት የአክረን ከተማ ነዋሪ የማሽን ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ከባለቤቱ ጋር ፕላስቲኩን በወጥ ቤታቸው ምድጃ ላይ እያፈላ ከእውነተኛ ትል በተወሰደ ቅርጽ ውስጥ አፈሰሰው።

በገበያ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቅርጾችና ቀለሞች ቢኖሩም ሦስት ቅርጾች ለመጀመር ይበቃሉ፤ እነርሱም ረጅም ትል፣ ወፍራም በትር መሳይ ትልና የወንዝ ክራብ መሳይ ናቸው። ቀለምም ሁለት ይበቃል። ለጠራ ውኃ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ቡናማ አረንጓዴ፣ ለደፈረሰ ውኃ ደግሞ ጥቁር ከሰማያዊ ጋር የተቀላቀለበት ይመረጣል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጥቁሩ ጥላው ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ማባበያው ከመንጠቆ ጋር የሚያያዝባቸው የተለመዱ መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

የቴክሳስ አሰካክ፦ የጥይት ቅርጽ ያለው ማስመጫ በክሩ ላይ ይገባል። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ራስ ገብቶ በጎን ከወጣ በኋላ ተመልሶ በትሉ አካል ውስጥ ይሸሸጋል። ጫፉ ስለተሸፈነ በአረም መካከል ያልፋል። ለ15 ሴንቲ ሜትር ትል ቁጥር 3/0 የሆነ ጎባጣ አንገት መንጠቆ ይስማማል።

ዋኪ አሰካክ፦ በትር መሳዩ ትል መካከሉ ላይ በመንጠቆ ይያዝና ያለ ማስመጫ ይጣላል። ሁለቱ ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ለአረም ሳይሆን ለገላጣ ውኃና ለጀልባ ማቆሚያ ዳር ይመቻል።

ኔድ አሰካክ፦ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ትል እንጉዳይ መሳይ ራስ ባለው ትንሽ መንጠቆ ላይ ይሰካል። ስሙ ከካንሳሱ አጥማጅ ኔድ ኬዲ የመጣ ነው። ትንሽ ባስ ጭምር ስለሚይዝ ለጀማሪ ጥሩ ነው።

ለስላሳ ማባበያ ቶሎ የሚቀደድ ስለሆነ በዓመት ውስጥ ከዘንጉ የበለጠ ወጪ ሊያስወጣ ይችላል። ወጪውን ለመቀነስ በዋኪ አሰካክ ትሉ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ታስሮ መንጠቆው በቀለበቱ ሥር ያልፋል፤ እንዲህ ሲደረግ አንድ ትል ብዙ ዓሣ ይይዛል። ራሱ የተቀደደ ትል ተቆርጦ ለኔድ አሰካክ ይውላል። የተለያዩ ቀለማት በአንድ ከረጢት ሲቀመጡ ቀለማቸው ይቀላቀላል። በተለይ ኢላዝቴክ የሚባለው የሚለጠጥ ፕላስቲክ ከተራው ጋር ሲነካካ ሁለቱም ይቀልጣሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ከረጢት ይቀመጣል።

የወጪ አመዳደብ

ዋጋ በየሱቁና በየጊዜው ቢለያይም፣ በዩናይትድ ስቴትስ 100 ዶላር ያለው ጀማሪ ገንዘቡን እንደሚከተለው ሊደለድል ይችላል።

• አብረው የሚሸጡ ዘንግና ስፒኒንግ ሪል፦ 50 ዶላር
• ናይለን ክር፦ 10 ዶላር
• ጥሩ ስለት ያላቸው መንጠቆዎች፦ 8 ዶላር
• ማስመጫና የጎማ ቀለበት፦ 7 ዶላር
• ሦስት ከረጢት ለስላሳ ማባበያ፦ 18 ዶላር
• የክር መቁረጫ እና ለመጠባበቂያ፦ 7 ዶላር

የፈቃድ ክፍያ ከዚህ ውጭ ነው። ከርካሽ ኮምቦ ጋር ተጠምጥሞ የሚመጣው ክር ብዙ ጊዜ ያረጀ ወይም ዝቅተኛ ጥራት ያለው ስለሆነ አዲስ ክር መግዛቱ አይታለፍም። ተጨማሪ ገንዘብ ሲገኝ አስቀድሞ ሊሻሻል የሚገባው ሪሉ ነው፤ ዘንጉ ቀጥሎ ይመጣል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ወጪ ይቀንሳል። ያገለገለ ሪል እጀታው ሲዞር መንኳኳት ወይም መንገራገጭ የለበትም። በካርቦን ዘንግ ላይ የሚታይ ጥልቅ ጭረት ግን የመሰበር ምልክት ስለሆነ እንዲህ ያለው ዘንግ በርካሽም ቢሆን አይገዛም።

ሕግና አካባቢ

በዩናይትድ ስቴትስ ዓሣ ለማጥመድ የየግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ በባለ ትልቅ አፍ ባስ የታወቀ ሲሆን፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና የዋሽንግተን ከተማ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፈቃድ ይሰጣሉ። መያዝ የሚፈቀደው የዓሣ ርዝመትና ብዛት፣ ለምግብ የሚውለውም መጠን በየአካባቢው ይወሰናል። አምራቾች በአብዛኛው የማጥመጃ ዕቃ ላይ የሚከፍሉት የ10 በመቶ የፌዴራል ግብር እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ ሕግ መሠረት ለዓሣ ሀብት ጥበቃ ይውላል።

በጣም ርካሹ ማስመጫ የእርሳስ ብረት ነው። ይሁን እንጂ ሉን የተባሉ የውኃ ወፎች ትናንሽ የእርሳስ ማስመጫዎችን ውጠው ስለሚሞቱ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ማሳቹሴትስን የመሳሰሉ ግዛቶች አነስተኛ የእርሳስ ማስመጫ መጠቀምን ከልክለዋል። በምትኩ ብረት፣ ነሐስ ወይም ተንግስተን ያገለግላል፤ ተንግስተን ከሁሉም ውዱ ነው። ተቆርጦ የተጣለ ክር ወፎችንና ኤሊዎችን ያንቃል፤ የተጣለ ለስላሳ ማባበያም በዓሣ ሆድ ውስጥ አብጦ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ተሰብስበው በቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይጣላሉ።

ባስ ለስፖርት ሲባል ከትውልድ ቦታው ውጭ ወደ ብዙ አገሮች ተወስዷል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ወደ ጃፓን፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና በኬንያ ወደሚገኘው የናይቫሻ ሐይቅ ገብቷል። የአገሬውን ትናንሽ ዓሦች ስለሚበላ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ሕያው ባስን ማርባትና ማጓጓዝ ከልክላለች። በየትኛውም አገር የተያዘ ባስ ወይ በዚያው ውኃ ይለቀቃል፣ ወይ ለምግብ ይውላል፤ ከነሕይወቱ ወደ ሌላ ውኃ ማዛወር በዚያ የሚኖሩትን ዓሦች ይጎዳል።